የሕፃን ለቅሶ አጭር ነው

ደሴ ውስጥ አዋቂ ሲሞት ድንኳን ይተከላል። ወንበር ይደረደራል። የሰፈሩ ሴቶች በተራ ንፍሮ ይቀቅላሉ፣ እንጀራ ያዋጣሉ። ከአዲስ አበባ የሚመጣ ዘመድ እስኪደርስ ይጠበቃል። ሕፃን ሲሞት ግን ነገሩ ሌላ ነው። ጥቂት ወንዶች ጠዋት አቅፈውት ይሄዳሉ። ሴቶቹ እናቲቱን ከበው ይቀመጣሉ። ቡና ይፈላል። «አብሽሪ፣ አላህ ይተካልሻል» ትላለች አንዷ። «እግዜር በሌላ ይካስሽ» ትላለች ሌላዋ። በሦስተኛው ቀን ሁሉም ወደየሥራው ነው።

ይህን የምለው ከንፈር ለመምጠጥ አይደለም። የሰፈራችን ቅሬ ጸሐፊ ነኝ። ቅሬ ማለት ሌላው አገር ዕድር የሚለው ነው። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ቅሬ ውስጥ ነን፤ ወሎ ውስጥ ይሄ ዜና አይደለም። መዝገቡ የሚቀመጠው እኔ ጋ ነው። ጥቁር ሽፋን ያለው፣ ጠርዙ በፕላስተር የተጠገነ ትልቅ መዝገብ ነው። ዓምዶቹን ያሰመሩት ከእኔ በፊት የነበሩት ጸሐፊ ናቸው። ተራ ቁጥር፣ ቀን፣ የሟች ስም፣ ከአባሉ ጋር ያለው ዝምድና፣ የተከፈለ ብር፣ የተቀባይ ፊርማ። አዋቂ ከሆነ ሙሉው ይከፈላል፣ ሕፃን ከሆነ ግማሹ። ስም ሳይወጣለት ከሞተ «ሕፃን» ተብሎ ይጻፍና ከጎኑ የአባትየው ስም ይገባል። በቃ። ለምን እንደሞተ የሚጻፍበት ዓምድ የለም። ቅሬ ቀባሪ እንጂ መርማሪ አይደለማ።

የቀን ሥራዬ ሒሳብ ነው። ኮምቦልቻ ነው የምሠራው፤ ማደሪያዬ ደሴ ነው። የሒሳብ ሰው ክፉ አመል አለው፤ ቁጥር በተደረደረበት ቦታ ሁሉ ዓይኑ የሚደጋገመውን ይፈልጋል። የቅሬውን ዓመታዊ ሒሳብ ስዘጋ ሁለት መስመሮች ላይ ዓይኔ ቀረ። ሁለቱም «ሕፃን» ይላሉ። ሁለቱም ታኅሣሥ ላይ ናቸው፣ በተለያየ ዓመት። ሁለቱንም ቤት አውቃቸዋለሁ።

ደሴ ብርዷን የሚያውቅ ያውቃታል። ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ጦሳ ተራራ ሥር የተሸጎጠች ከተማ ናት። ክረምቱ ጉም ነው፣ ኅዳርና ታኅሣሡ ውርጭ። አራስ ያለችበት ቤት ደግሞ ይበልጥ ይዘጋል። በሩ ይዘጋል፣ መስኮቱ ይዘጋል፣ የቆርቆሮው ቀዳዳ ሳይቀር በጨርቅ ይወተፋል። ምች እንዳይመታት፣ ነፋስ እንዳይገባባት። ከዚያ ከሰል ይገባል።

ከሰሉ የሚገባው በወግ ነው። ማንደጃው ደጅ ላይ ይቀጣጠላል። በካርቶን ይራገባል። ነጩ ጭስ እስኪያልቅ ይጠበቃል። ፍሙ ቀልቶ አመድ ሲለብስ «አሁን ጭሱ ወጥቷል» ይባልና አልጋው አጠገብ ይቀመጣል። አስተዋይ ሴት ናት እንዲህ የምታደርገው፤ ግድ የለሿ ከነጭሱ ታስገባዋለች። ጭሱማ በእርግጥ ወጥቷል። ያልወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ሽታ የለው፣ ቀለም የለው፣ ዓይን አያቃጥል። ፍሙ ቀልቶ ሲያምርም መውጣቱን አያቆምም። ደም ውስጥ ገብቶ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። አዋቂ ራሱን ያመዋል፣ ያቅለሸልሸዋል፣ ጉልበቱ ይከዳዋል። የተኛ ሰው ግን ሳይነቃ ሊቀር ይችላል። ጨቅላ ልጅ ደግሞ ትንሹም ይበቃዋል።

በመጀመሪያው ቤት እናቲቱ ጠዋት ስታስመልስ ነው ያገኟት። ራሴን ራሴን ትል ነበር። በሩ ተከፍቶ ቀዝቃዛ አየር ሲገባ ነፍሷ ተመለሰ። ልጁ አልተመለሰም። ሰው «ምች ነው» አለ። ሌላው «አይ፣ ዓይነ ጥላ ነው» አለ። በሁለተኛው ቤት አያትየዋም አብረው ወድቀው ነበር። እዚያም «ምች» ተባለ። ሁለቱ ቤቶች በአንድ ቀጭን መንገድ ነው የሚለያዩት። ሁለቱም ለቅሶ ላይ ተቀምጠን ቡና ጠጥተናል። አንዱን ከሌላው ጋር አያይዞ የተናገረ ሰው አልነበረም።

ሁለት መስመር ማስረጃ አይደለም፤ አውቃለሁ። ሕፃናት ሌሊት በሌላ ምክንያትም ይሞታሉ። የሳንባ ምች አለ፣ ያለጊዜ መወለድ አለ፣ ሐኪምም መልስ የሚያጣበት አለ። ግን ለማረጋገጥስ ማን ጠየቀ? ፖሊስ የሚመጣው ገዳይ ሲጠረጠር ነው። ሐኪም የሚያውቀው እሱ ጋ ደርሶ የሞተውን ነው። ቤቱ ውስጥ ያለቀው የማንም አይደለም። ኢማሙና ቄሱ ይጸልዩለታል፣ እኔ ግማሽ ብር እጽፍለታለሁ።

ሌላ አገር እንዴት ያደርጉታል ብዬ ማንበብ የጀመርኩት ያኔ ነው።

አሜሪካ ውስጥ ነገሩ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1978 ሎስ አንጀለስ ካውንቲ ውስጥ ነው። ማይክል ደርፊ የሚባል የሕፃናት የሥነ አእምሮ ሐኪም ከዋነኞቹ ጀማሪዎች አንዱ ነበር። ሐሳቡ ሲሰሙት ቀላል ነው። ልጅ ሲሞት ፖሊስ የራሱ ፋይል አለው፣ ሆስፒታል የራሱ፣ የአስከሬን መርማሪው የራሱ፣ የሕፃናት ደኅንነት መሥሪያ ቤቱም የራሱ። እያንዳንዱ ፋይል ብቻውን ሲነበብ ምንም አይልም። አንድ ጠረጴዛ ላይ ሲደረደሩ ግን ይናገራሉ። ሆስፒታሉ «ከደረጃ ወደቀ» ብሎ ያከመው ልጅ ቤት ፖሊስ ከዚያ በፊት ስለጠብ ተጠርቶ ነበር። አንዱ ያየውን ሌላው ሳያይ ልጁ አፈር ገብቷል።

የሚዙሪ ግዛት ይህን በ1991 ሕግ አደረገው። በየካውንቲው ቡድን እንዲኖር ታዘዘ። ዓቃቤ ሕግ፣ አስከሬን መርማሪ፣ ፖሊስ፣ የሕፃናት ጉዳይ ሠራተኛ፣ የወጣት ጥፋተኞች ፍርድ ቤት ሰው፣ የጤና ባለሙያና የአምቡላንስ ሠራተኛ በአንድ ጠረጴዛ። በዚያው ግዛት ተመራማሪዎች ከ1983 እስከ 1986 የሞቱ ከ5 ዓመት በታች ሕፃናትን መዝገብ መለስ ብለው ሲፈትሹ፣ በሰው እጅ ተጎሳቁለው ከሞቱት ብዙዎቹ በዚያ ስም እንዳልተመዘገቡ አገኙ። መንግሥት ያለው ቁጥር ከእውነቱ ያነሰ ነበር ማለት ነው። ዛሬ ሁሉም የአሜሪካ ግዛቶች ማለት ይቻላል እንዲህ ያለ ቡድን አላቸው። አሪዞና ከ1993 ጀምሮ ፕሮግራም አላት፤ በየዓመቱ ኅዳር ላይ ሪፖርት ታወጣለች። ከእያንዳንዱ ሞት አጠገብ አንድ ጥያቄ አለ፦ ሊቀር ይችል ነበር ወይ? በረሃ አገር ናትና ግቢ ውስጥ የመዋኛ ገንዳ ይበዛል። ልጅ ገንዳ ውስጥ ሲገባ «ማን ነበር የሚጠብቀው?» ብቻ አይባልም፤ «አጥር ነበረው? በሩ ራሱን ይዘጋ ነበር?» ይባላል።

እንግሊዝ ወደዚህ የመጣችው በአንዲት ልጅ ሞት በኩልም ጭምር ነው። ቪክቶሪያ ክሊምቢዬ ትባላለች። ከአይቮሪኮስት የመጣች የስምንት ዓመት ልጅ ነበረች። ለንደን ውስጥ በ2000 አሳዳጊዋ የሆነችው የቤተሰቧ ዘመድና የወንድ ጓደኛዋ አሰቃይተው ገደሏት። ልጅቷን ያላያት ቢሮ አልነበረም። ሆስፒታሎች አይተዋታል፣ ፖሊስ ያውቃታል፣ የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኞች ፋይል ከፍተውላታል። ሎርድ ላሚንግ የመሩት ምርመራ በ2003 ሲወጣ፣ ልጅቷን ለማዳን ቢያንስ 12 ዕድሎች እንደባከኑ ተናገረ። በ2004 አዲስ የሕፃናት ሕግ ወጣ። ከሚያዝያ 2008 ጀምሮ ደግሞ በእንግሊዝ ከ18 ዓመት በታች የሞተ ልጅ ሁሉ ሞቱ በየአካባቢው ቡድን እንዲታይ ግዴታ ሆነ። በበሽታም ይሙት በአደጋ፣ ሁሉም። በ2019 የሁሉም መረጃ የሚገባበት አገር አቀፍ ቋት ተከፈተ።

ባነበብኩት ሁሉ ደጋግሞ የመጣው አንድ ሕግ ነው። ይህ ስብሰባ ፍርድ ቤት አይደለም። በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች እዚያ የተነገረ ነገር ምስጢር ነው፣ ክስ ላይ መጥቀስ አይቻልም። በእንግሊዝ ደግሞ የአካባቢው ቡድን ጉዳዩን የሚያየው ስም ተፍቆ ነው። ቤተሰቡን የሚያነጋግር፣ ጥያቄያቸውን ወደ ስብሰባው የሚያደርስ ሰው ይመደባል። ወንጀል ካለ ፖሊስ በራሱ በር ይሄዳል። ይህ ጠረጴዛ ግን የሚጠይቀው ሌላ ነው።

እንደኔ እንደኔ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። ለምን እንደሆነ ለመናገር ወደ ሰፈሬ ልመለስ።

«አላህ ያመጣው ነው» የሚለውን ቃል የተማረ ሰው ይንቀዋል። ኋላ ቀርነት ነው፣ ሰው እንዳያስብ ያደርጋል ይላል። ለቅሶ ቤት ተቀምጦ ያየ ግን እንዲህ ብሎ አይቸኩልም። ያ ቃል ለእናቲቱ ጣሪያ ነው። ሌሊት ልጇ ጎኗ ሞቶ ያደረች ሴት ጠዋት መጀመሪያ የሚመጣባት «እኔ ነኝ የገደልኩት» የሚል ሐሳብ ነው። «ተጭኜው ይሆን? ጡቴ አፍኖት ይሆን?» ትላለች። ባል ቀና ብሎ ያያታል። አማት ዝም ትላለች፤ የአማት ዝምታ ደግሞ ከስድብ ይከፋል። ያኔ ነው ሐጂ ወይም ቄሱ ገብተው «የእሱ ሥራ ነው፣ እሱ ሰጠ እሱ ነሳ» የሚሉት። ያች ሴት በዚያ ቃል ሥር ገብታ ትጠለላለች። ባልየውም እንደገና ዓይኗን ያያል።

እንግዲህ አንድ ሰው ቅጽ ይዞ መጥቶ «ከሰል አስገብተሽ ነበር?» ቢላት ምን ይሆናል? ጣሪያውን ነቀለው ማለት ነው። የሚቀጥለው ጥያቄ ከባልየው ነው የሚመጣው፦ «ማን ነው ያስገባው?» ከዚያ በኋላ ማን እውነቱን ይናገራል? «ከሰል አልነበረም» ትላለች። አማቷም ትመሰክርላታለች። መዝገቡ ላይ «ምክንያቱ ያልታወቀ» ይጻፋል፤ ሦስተኛው ታኅሣሥ ይመጣል።

ስለዚህ ጥፋተኛ የሚፈልግ ጥያቄ ከመጠየቅ ባይጠየቅ ይሻላል እላለሁ። ይህን ስል የሚቆጡኝ አሉ። «ታዲያ ማንም ተጠያቂ አይሁን?» ይሉኛል። ተጠያቂማ ይኑር፤ ለዚያ ፍርድ ቤት አለ። ግን ከአሥሩ ሞት ምናልባት ዘጠኙ ላይ ወንጀለኛ የለም። ያለው ብርድ ነው፣ የተወተፈ መስኮት ነው፣ «ጭሱ ወጥቷል» የሚል ከእናት ወደ ልጅ የወረደ ዕውቀት ነው። ይህን ማሰር አይቻልም። መለወጥ ግን ይቻላል።

የአክስቴ ልጅ አዋላጅ ነርስ ናት። የምትሠራበትን አልጠራም። በአገራችን እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ የእናቶች ሞት ቅኝትና ምላሽ የሚባል ሥርዓት አለ። በ2017 ደግሞ በወሊድ ዙሪያ የሚሞቱ ጨቅላዎች ተጨመሩበት። እናት ስትሞት እንደ ወረርሽኝ በየሳምንቱ ሪፖርት ይደረጋል። በየጤና ተቋሙ ኮሚቴ አለ። ሞቱ ቤት ውስጥ ከሆነ ቤተሰቡ ተጠይቆ ታሪኩ ይጻፋል። ዋናው ደንብ «ስም የለም፣ ወቀሳ የለም» ነው። እሷ ኮሚቴው ውስጥ ናት። የሟቹን ማንነት ሳትነግረኝ አንድ ስብሰባ ተርካልኛለች።

ጨቅላው ተወልዶ መተንፈስ አቅቶት ነበር። ኦክስጅን ሲሊንደሩ ባዶ ሆኖ ተገኘ። ሌላ ሲሊንደር ከሌላ ክፍል እስኪመጣ ጊዜው ሄደ። ኮሚቴው ሲሰበሰብ ካርዱ ያለ ስም ተነበበ። ክፍሉ ጭር አለ፤ ሁሉም የየራሱን ጫማ ያያል። አንዱ «ተረኛው ማን ነበር?» አለ። ሰብሳቢው ሐኪም «እሱን እዚህ አንጠይቅም» አሉ። «ሲሊንደሩ ማለቁን ማን ማወቅ ነበረበት? ያወቀ ሰውስ ለማን ነው የሚናገረው?» ብለው ዞረው ጠየቁ። መልስ ጠፋ። ለካስ ተረኛ ሲቀያየር ሲሊንደር የሚያይ ሰው የለም። ማንም ሥራዬ ነው አላለም፤ ማንም ሥራህ ነው አልተባለም። በማግሥቱ ግድግዳው ላይ ወረቀት ተለጠፈ፦ ተረኛ ሲገባ መለኪያውን አይቶ ይፈርማል። በጀት አልጠየቀም፣ ደብዳቤ አልጠየቀም። «ተረኛው ማን ነበር?» በሚለው ቢቀጥሉ ኖሮ አንዲት ልጅ ደመወዟ ይቆረጥ ነበር፤ ሲሊንደሩም ባዶውን ይቀመጥ ነበር።

ሁሉም እንዲህ አያልቅም። በዚያው ቃለ ጉባኤ «አምቡላንሱ ነዳጅ አልነበረውም» የሚል ነጥብ አለ። ከእሱ ፊት በነበረውም ቃለ ጉባኤ አለ። በቀጣዩም አለ። «ከተቋሙ አቅም በላይ» ተብሎ ይጻፍና ይተላለፋል። የአክስቴ ልጅ ይህን ስትነግረኝ ትስቃለች፤ የደስታ ሳቅ ግን አይደለም። ኮሚቴው የሚያስተካክለው እጁ የሚደርስበትን ነው። እጁ የማይደርስበት ወደ ላይ ይሄዳል። ወደ ላይ የሄደ ወረቀት ደግሞ መውረጃው ይጠፋዋል።

ቁጥሩን ካነሳን አገሪቱ ብዙ መንገድ ሄዳለች። እ.ኤ.አ. በ2000 በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ1,000 ሕያው ልደት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። በ2016ቱ ጥናት 67 ደረሰ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ ክትባት፣ አጎበር ያመጡት ለውጥ ቀላል አይደለም። በመጀመሪያው ወር የሚሞቱት ግን ከ49 ወደ 29 ነው የወረዱት። ትልልቆቹ ሕፃናት በክትባት ይተርፋሉ፤ ጨቅላዎቹን ለማትረፍ ግን እያንዳንዷ ሰዓት ትቆጠራለች። ወላዷ ወደ ጤና ተቋም ለመሄድ መቼ ወሰነች? መቼ ደረሰች? ከደረሰች በኋላ መቼ ታየች? ባለሙያዎቹ ሦስቱ መዘግየቶች ይሏቸዋል።

በምሥራቅ በኩል ሐረርና ቀርሳ ውስጥ ቻምፕስ የተባለ የሕፃናትን ሞት ምክንያት የሚያጠና ሥራ ከሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ጋር ይሠራል። ሕፃን ሲሞት ቤተሰቡ ከፈቀደ ብቻ በቀጭን መርፌ ናሙና ይወሰዳል፤ አስከሬን አይከፈትም። እኛ ሰፈር ይህን ባነሳው ምን እንደሚሉኝ እገምታለሁ። እነሱ ግን ከቤተሰብና ከሃይማኖት አባቶች ጋር ቁጭ ብለው ተነጋግረው ነው የገቡት።

የጤና ሚኒስቴሩ ሥርዓት እናቶችንና በወሊድ ዙሪያ ያሉ ጨቅላዎችን ነው የሚያየው። የሁለት ዓመት ልጅ ውኃ የተጠራቀመበት በርሜል ውስጥ በጭንቅላቱ ቢገባ በዚያ ቅጽ የለም። የሰባት ዓመት ልጅ በመኪና ቢገጭም የለም። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከ500 ሜትር በላይ ቁልቁል ያወርዳል። ጠዋት ጠዋት በሚኒባስ ስወርድ ተማሪዎች ጠርዙን ይዘው ይሄዳሉ። ተሳቢው በአንድ በኩል፣ ገደሉ በሌላ በኩል። አንድ ኩርባ አለ፤ ሾፌሩ ሁሉ እዚያ ሲደርስ ጥሩምባ ይነፋል። እዚያ ልጅ ሲሞት ሾፌሩ ይታሰራል። ሽማግሌ ይገባል፣ ዕርቅ ይወርዳል፣ ካሳ ይከፈላል፣ መዝገቡ ይዘጋል። ኩርባው ግን እዚያው ነው። ልጆቹም በነጋታው በዚያው ያልፋሉ።

መንግሥት ሞትን ላለማየት ሲወስን ምን እንደሚሆን ለወሎ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። በእኛ አቆጣጠር በ1965 እና በ66 ሰው በረሃብ በየመንገዱ ሲረግፍ ጉዳዩ ተሸፍኖ ነበር። ዩኒቨርሲቲ መምህራን ፎቶ አንስተው አሳይተዋል። ሰሚ እስኪገኝ ግን ስንቱ አለቀ። በ2014ም ጦርነቱ ከተማችን ሲገባ የጤና ተቋማት ተዘርፈዋል። በዚያ ሰሞን ቤት ውስጥ የሞቱ ሕፃናት በእኔ መዝገብ እንኳ የሉም፤ ቅሬውም ተበትኖ ነበር። ይህን እዚህ ላይ ትቼዋለሁ፤ ሌላ ጽሑፍ ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ነገሩን ለቅሬው አነሳሁት። የወር መዋጮ ከተሰበሰበ በኋላ፣ ቡናው ቶና ላይ ደርሶ ነበር። መዝገቡ ላይ አንድ ዓምድ ልጨምር አልኩ። «ምክንያት» የሚል።

የቅሬው ዳኛ ሐጂ ወዲያው ፊታቸው ጠቆረ። «ልጄ፣ ሐዘንተኛ ቤት ሄደህ ምን ገደለው ትላለህ? ነውር አይደለም?»

«ሐጂ፣ እርስዎ ያሉት ልክ ነው፤ ለቅሶው ላይ አልጠይቅም» አልኳቸው።

ጋሼ የምንላቸው አንድ አዛውንት አባል ደግሞ ከጥግ ሆነው «ዛሬ ምክንያት ጻፍክ፣ ነገ ፖሊስ መዝገቡን ሲጠይቅህ ምን ልትል ነው?» አሉ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ብዙ የአሜሪካ ግዛቶች ምስጢር ይሁን ብለው ሕግ ያወጡበት ጥያቄ ነው። እኔ ሕግ የለኝም፤ ያለኝ በፕላስተር የተጠገነ መዝገብ ነው።

ያኔ ከሴቶቹ በኩል አንዷ ተናገረች። የመጀመሪያው ታኅሣሥ እናት ናት። ሲኒ እያጠበች ነበር፤ ቀና አላለችም። «እኔን ማንም አልጠየቀኝም» አለች። «ሁሉም አብሽሪ አለኝ። ስንት ወር ሙሉ ምን አድርጌ ነው እያልኩ ብቻዬን ስጠይቅ ኖርኩ። እትዬ ከመንገዱ ማዶ ያለችው የእሷም ልጅ እንደዚያው ሆነ ሲሉ ነው ከሰሉ ይሆናል ያልኩት። ለማን ልናገር? ብናገር ባሌ ምን ይለኛል?»

ባልየው እዚያው ተቀምጧል። ማንም ወደሱ አላየም። ሐጂ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ።

ብዙ ተከራከርን። ሐጂ በመጨረሻ በሦስት ነገር ፈቀዱ። ዓምዱ በዋናው መዝገብ ላይ አይሆንም፤ ሌላ ደብተር ላይ ይሁን፤ እዚያ ደግሞ የማንም ስም አይጻፍ። የሚጠይቀው እኔ አልሆንም፤ ከሴቶቹ አንዷ ትሁን፣ እሷም ሐዘኑ ከወጣ በኋላ ትሂድ። ሦስተኛው፣ የተጻፈው ለቅሬው በጅምላ ይነበብ እንጂ የእገሌ ቤት እንዳይባል። የተማሩት ሰዎች ስንት ዓመት ፈጅተው የደረሱበት ደንብ ሐጂ ከሦስተኛው ሲኒ በፊት ጨረሱት። ለነገሩ ነውር የሚያውቅ ሰው ደንቡን ያውቀዋል።

ጋሼም የራሳቸውን ጨመሩ፦ አራስ ያለችበት ቤት ስንጠይቅ ገንፎና ቅቤ ብቻ ሳይሆን ተጨማሪ ብርድ ልብስ ከቅሬው ይሂድ። ከሰሉን ከልክሎ በብርድ ግደሉት ማለት አይቻልም አሉ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ መጥታ ስለ ከሰሉ እንድትነግረንም ተስማማን። ሳትጠራ እንደማትመጣ ሁሉም ያውቃል። ስትጠራ ግን ትመጣለች፤ ጎበዝ ልጅ ናት።

ኩርባውን ያነሳው የሚኒባስ ረዳት የሆነ አንድ ወጣት አባል ነው። ልጆቹ የሚሻገሩበት ላይ የፍጥነት መቀነሻ ይሠራልን የሚል ደብዳቤ እንጻፍ አለ። ሁሉም እጁን አነሳ። እኔም ብዕር አወጣሁ። ከላይ «ለ» ብዬ ጻፍኩና ቆምኩ። አንዱ ለቀበሌው ነው አለ። ቀበሌው ድንበራችን አይደለም ይላል አለ ሌላው። ለመንገዶች ባለሥልጣን ይሁን የሚል መጣ፤ የትኛው ቅርንጫፍ? ለትራፊክ ፖሊስ? ለትምህርት ቤቱ? ሐጂ «ለሁሉም ጻፈው» አሉ። ጋሼ «ለሁሉም ከተጻፈ ለማንም አልተጻፈም» አሉ። ማታው ሲመሽ ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። በሚቀጥለው ወር መዋጮ ስንሰበስብ ከዚያው እንቀጥላለን። እስከዚያ ረዳቱ የትኛው ቢሮ እንደሚመለከተው ኮምቦልቻ ሲወርድ ይጠይቅልናል።